የ1966ቱ አብዮትና የመሬት ጥያቄ፦ ዘውዱ ራሱን ማረም ለምን ተሳነው?

ዘመን ተመልካች (ክሩን የከፈቱ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አወዳደቅ በተነሳ ቁጥር ውይይታችን ወይ በወሎ ረሃብ ወይ በደርግ አባላት ማንነት ላይ ያርፍና እዚያው ይቀራል። ሁለቱም መነሳት ያለባቸው ናቸው። ነገር ግን ከሁለቱም በፊት ለብዙ ዓመታት ሲጠራቀም የኖረ ጉዳይ አለ፤ እሱም መሬቱ የማን እንደነበረ፣ ግብሩን ማን ይከፍል እንደነበረና ይህን ለማስተካከል የታሰበው ሕግ የት ደርሶ ይቀር እንደነበረ ነው። ሐሳቤን አስቀድሜ ልግለጽ። ዘውዱ አድልዎውን አላየም ማለት አይቻልም፤ አይቶታል፣ ለማረምም ሞክሯል፤ ሆኖም እርማቱ የሚነካው የዙፋኑ ምሰሶ የሆነውን ባለመሬት ስለነበረ፣ የጀመረውን ሁሉ እየተወ ኖሮ በመጨረሻ የሚቆምለት አጣ።

በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ከአጼ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ሰፊ መሬት በቃላድ (በመለኪያ ገመድ) እየተለካ ለጦር አለቆች፣ ለወታደሮች፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለአካባቢው ባላባቶች ተሰጠ። መሬቱን ሲያርስ የኖረው ሕዝብ በመጀመሪያ ገባር (ግብርና የጉልበት ሥራ የሚገብር)፣ ቆይቶም ጭሰኛ (የሌላውን መሬት ድርሻ እየከፈለ የሚያርስ) ሆነ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የገባሩ የጉልበት ግዴታ በሕግ ቢቀርም የመሬቱ ባለቤትነት ግን በባለርስቱ እጅ ጸና። መንግሥት ለአርበኞች፣ ከስደት ለተመለሱ፣ ለወታደሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች መሬት በጋሻ ሲያድል (አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል) መሬት ለሌለው አራሽ የደረሰው ጥቂት ነበር።

ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ አንድ አንቀጽ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በብዙ መልኩ ዘመናዊ የተባለው ሕግ፣ ባለመሬቱ ከጭሰኛው ምርት ከሦስት አራተኛ በላይ እንዳይወስድ ይከለክላል። ይህ የተጻፈው ጭሰኛውን ለመጠበቅ ነው። ከአራት ቁና ሦስቱን መውሰድ በሕግ የተፈቀደበት አገር ውስጥ ጥበቃ የሚባለው ይህ ከሆነ፣ ጥበቃ ያልተደረገለት ሰው ኑሮ ምን ይመስል እንደነበረ ለመገመት አይከብድም።

ከዚያ በኋላ በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ የባለርስትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስን የሕግ ረቂቅም ተዘጋጀ። ረቂቁ ለፓርላማ ቀርቦ ዓመታት ቆጠረ፤ አብዮቱ ሲፈነዳም ገና አልጸደቀም ነበር። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፣ ለእንደራሴነት የሚወዳደር ሰው ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ መኳንንትና ባለሥልጣናት ነበሩ። ስለዚህ ጭሰኛው ስለ ራሱ የሚወሰነውን ሕግ በባለርስቱ እጅ እየጠበቀ ኖረ።

የእናንተን አስተያየት በትሕትና እጠብቃለሁ።

የቢቸና ሰው

ለጽሑፍዎ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ በሁለት ነጥብ እንዳልስማማ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ እኔ ያደግሁበት የጎጃም ገበሬ ጭሰኛ አልነበረም። ባለ ርስት ነበር፤ አያት ቅድመ አያቱን ቆጥሮ መሬቱን የሚጠይቅ፣ ድሃ ቢሆንም በርስቱ ላይ የሚኮራ ሰው ነበር። ይህ ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በመንግሥት ላይ ያመፀው በባለጠጋና በድሃ ልዩነት ምክንያት አይደለም፤ መንግሥት አስራትን (ከምርት አንድ አሥረኛ የሚከፈለውን ግብር) አስቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ፣ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ይጠፋል ብሎ ስለፈራ ነው። በዳሞት፣ በሞጣና በቢቸና የተነሳው ዐመፅ የአውሮፕላን ድብደባ እስከ ማስከተል ደርሶ ነበር። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ተነሱ፣ ንጉሠ ነገሥቱም የቀረውን ግብር ማሩ። ታዲያ የጎጃሙን ገበሬ ከአርሲው ጭሰኛ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይቻላል ወይ?

ሁለተኛ፣ ጭሰኛው ዙፋኑን አልጣለም። በ1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የተሰለፈ ጭሰኛ ማን ነው? ዙፋኑን የጣሉት ወታደሮች፣ መምህራን፣ ተማሪዎችና የታክሲ ነጂዎች ናቸው፤ እነዚህ ሁሉ ከጭሰኛው ጋር ሲነጻጸሩ የተሻለ ኑሮ የነበራቸው ናቸው። የመሬት አድልዎ ዙፋን የሚጥል ቢሆን ኖሮ ከሃምሳ ዓመት በፊት ይጥለው ነበር።

ዘመን ተመልካች

የቢቸናው ወንድሜ፣ ሁለቱም ጥያቄዎችዎ ጽሑፌን እንድመረምር አድርገውኛል።

ስለ ጎጃም ያሉት እውነት ነው፤ እኔም የሰሜኑን ርስትና የደቡቡን ጭሰኝነት አንድ ማድረግ አልሻም። ነገር ግን የጎጃሙን ፍጻሜ ራስዎ በጻፉት ውስጥ ይመልከቱት፦ መንግሥት ግብሩን ጣለ፣ ሕዝቡ ተቃወመ፣ መንግሥት ደብድቦ ሲያበቃ ግብሩን ተወው። በባሌ በ1955 ዓ.ም. የተነሳው ዐመፅም በግብርና በመሬት ጉዳይ ነበር፤ ግብር ያልከፈለ ሰው መሬቱ ተወርሶ ለሌላ ይሰጥ ነበርና የዐመፁ መሪዎች እነዋቆ ጉቱ ለሰባት ዓመት ያህል ተዋጉ። እንግዲህ መንግሥት ከትልልቅ ባለመሬቶች ግብር መሰብሰብ ካልቻለ፣ ከባለ ርስቱ ገበሬም ሳይሳካለት ከቀረ፣ የሚቀረው ማን ላይ ነው? የሚቀረው በከተማው ደመወዝተኛ፣ በሸማቹና ራሱን መከላከል በማይችለው ጭሰኛ ላይ ነው። ልዩነት ስል ድህነትንና ሀብትን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ሸክሙ ሁልጊዜ መከላከል ወደማይችለው ትከሻ መንሸራተቱንም ጭምር ማለቴ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን ከእኔ የተሻለ የሚመልሱ በመድረካችን አሉ ብዬ አምናለሁ።

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ወጣት የአንደኛ ደረጃ መምህር ስለነበርኩ ያየሁትን ልጨምር።

«ከጭሰኛው ጋር ሲነጻጸሩ የተሻሉ» የተባልነው እኛ የማን ልጆች እንደነበርን ማስታወስ ያስፈልጋል። የእኔ አባት ገበሬ ነበሩ፤ አብረውኝ ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጡትም አብዛኞቹ እንዲሁ። ከየካቲት 11 ጀምሮ ሥራ ያቆምነው ስለ ደመወዛችን ብቻ አልነበረም። የትምህርት ሴክተር ሪቪው የሚባል ጥናት ነበር፤ ጥናቱ ብዙኃኑ ልጆች አራት ዓመት ብቻ ተምረው ወደ እርሻቸው እንዲመለሱና የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መስፋፋት እንዲገታ ያሳስባል ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ተወራ። አዘጋጆቹ ትምህርትን ለገጠሩ ሁሉ ለማዳረስ አስበው ሊሆን ይችላል፤ እኔ ዛሬ በዕድሜ ሳስበው ይህን እቀበላለሁ። በዚያን ጊዜ ግን ወላጆች የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የድሃ ልጅ በአራተኛ ክፍል ይቁም፣ የባለጠጋ ልጅ ይቀጥል።

የመምህራን ስብሰባ ባደረግንበት አዳራሽ በር ላይ አንዲት እናት ቆመው ነበር። ጠላ ጠምቀው ልጃቸውን የሚያስተምሩ ሴት ነበሩ። ወደ ውስጥ አልገቡም፤ የወጣውን መምህር ሁሉ እጁን እየያዙ «ልጄ ስድስተኛ ነው፣ ይደርስበታል ወይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። የሚመልስላቸው አላገኙም። ይህቺ ሴት ስለ ጭሰኝነት ረቂቅ ሕግ ሰምተው አያውቁም፤ ነገር ግን በዚህ አገር ከታች ወደ ላይ የሚያወጣው አንድ መሰላል ትምህርት መሆኑን ያውቁ ነበር፤ እሱም ሊወሰድባቸው መሆኑን ሰሙ።

በዚያው በየካቲት 11 ታክሲዎችም ቆሙ፤ የቤንዚን ዋጋ በአንድ ጊዜ አሻቅቦ ሳለ የታክሲው ሒሳብ እንዳይጨመር ስለተከለከለ ነው። መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ የቤንዚኑን ጭማሪ በከፊል ቀነሰ፣ ሴክተር ሪቪውን አዘገየ፣ ለወታደሩም ደመወዝ ጨመረ። ይህ ሁሉ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ምሕረት ይባል ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን ሁሉም ሰው የተረዳው፣ የጮኸ እንደሚያገኝ ነው። የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

የቀድሞ ሠራዊት

መምህር እድሜ ይስጥዎት። ወንድማችን «ወታደሮች ናቸው» ላሉት ከወታደሩ ወገን ላክልበት።

ነገሩ ከየካቲት በፊት፣ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ተጀምሯል። የተራ ወታደሩ የውኃ መሳቢያ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፣ ለወታደሩ ግን አንከፍትም አሉ። የነገሌን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ወታደሮቹ መኮንኖቻቸውን ያዙ። ከአዲስ አበባ ነገሩን እንዲያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም አስረው፣ ተራ ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም ውኃ እንዲጠጡ አደረጉ።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ተራ የጦር ሰፈር ሁከት ያልፈዋል። እኔ ግን የአብዮቱን ፍሬ ነገር የማየው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሠራዊት፣ በአንድ ባንዲራ ሥር፣ በአንድ በረሃ ውስጥ ሁለት ጉድጓድ ነበር። ወታደሩ ሥልጣን አልጠየቀም፤ ጄኔራሉን አልገደለም፤ «የእኛን ቅመሱት» ነው ያለው። ወሬው በሬዲዮ መገናኛ ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ሄደ፤ በየካቲት ወር የደብረ ዘይት አየር ኃይል፣ ቀጥሎም የአሥመራው 2ኛ ክፍለ ጦር ተነሱ። ያ ወታደር ከየት የመጣ ነው? ከገበሬ ቤት የመጣ ነው። ንጉሠ ነገሥቱን ይወድ የነበረ ወታደር ብዙ ነው፤ የሥርዓቱን መኮንን ግን የሚሞትለት አልነበረም።

ከዋሽንግተን

ለሁላችሁም ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቤተሰቤ በዚያ ሥርዓት ውስጥ መሬት ከነበራቸው ወገን ስለሆነ በዚህ ርዕስ ስናገር ለወገኔ የማዳላ እንዳይመስልባችሁ እፈራለሁ፤ ቢሆንም ዝም ማለት ደግሞ ትክክል አይመስለኝም።

ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስቴርን ለረጅም ጊዜ በራሳቸው እጅ ይዘው ትምህርት ቤት ያስፋፉ ሰው ናቸው። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተዋል። ዛሬ ሥርዓቱን የምንወቅስበትን ዕውቀት የሰጠን ያ ሥርዓት ራሱ ነው። ደግሞም ትልልቅ ባለመሬቶች ሁሉ ጨካኞች አልነበሩም፤ አያቴ በድርቅ ዓመት ከጭሰኞቻቸው ምንም አልወሰዱም፤ ይህን ከጭሰኞቹ ልጆች አፍ ሰምቻለሁ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ሰዎች ያለ ፍርድ ሲረሸኑ የተቀጣው አድልዎው ነው ወይስ ሰዎቹ?

ዘመን ተመልካች

የዋሽንግተን ወንድሜ፣ ስለ ቤተሰብዎ በግልጽ መጻፍዎን አከብራለሁ። የስድሳዎቹ ግድያ ወንጀል ነው፤ በዚህ ላይ በእኔና በእርስዎ መካከል ልዩነት የለም።

ስለ አያትዎ ያሉትንም አምናለሁ። ግን ይህንኑ ታሪክ ከሌላ ወገን ሆነው ይመልከቱልኝ፦ በዚያ የድርቅ ዓመት የእነዚያ ቤተሰቦች ጉሮሮ የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ደግነት ላይ ነበር። አጎራባቹ ባለርስት ደግ ባይሆን የሚከሱበት ዳኛ፣ የሚጠቅሱት ሕግ አልነበራቸውም።

ስለ ትምህርት የጻፉት ደግሞ የነገሩ ቁልፍ ነው እላለሁ። ዘውዱ የገበሬውን ልጅ አስተማረ፤ የገበሬውን መሬት ግን አልመለሰም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሲሄዱ ብዙዎቹ የተነሡት ከዚያው በስጦታ ከተገኘው ግቢ ነው። ከዚያም በፊት፣ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩት ገርማሜ ንዋይ አሜሪካ ተምረው የመጡ ሰው ነበሩ። በወላይታ አውራጃ ገዥ ሳሉ መሬት ለሌላቸው መሬት ማደል ቢጀምሩ ባለመሬቶች አቤት አሉ፤ እሳቸውም ተነሥተው ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። በሥርዓቱ ውስጥ ሆኖ ለማረም የሞከረ የተማረ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ያኔ ታየ። ከዚያ በኋላ የመጡት ወጣቶች ማረም የሚለውን ቃል ትተው መጣል የሚለውን አነሡ።

የደሴ ልጅ

ስለ ወሎ ብዙ ተብሏል በሚል ይታለፍ ይመስላል፤ እኔ ግን በዚህ ክር ውስጥ ሊገባ ይገባዋል እላለሁ፣ ምክንያቱም ረሃቡ ራሱ የተጻፈው በዚያው የአድልዎ ሥርዓት ላይ ነው።

ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በኋላ እንዳሳየው፣ በ1965 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የእህል ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ በረሃቡ ልክ አልናረም። እህል ነበር። የወሎ ገበሬ ግን አዝመራው ሲጠፋበት የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ በሬውን የሸጠ በርካሽ ሸጠ፣ መሬቱን በመያዣ የሰጠም አለ። የአፋር አርብቶ አደር ደግሞ በድርቅ ጊዜ የሚሸሽበትን የአዋሽ ዳር ግጦሽ የጥጥ እርሻ ወስዶበት ነበር፤ በተንዳሆ የውጭ ኩባንያ ለውጭ ገበያ ጥጥ ሲያመርት ከብቱ በአጥሩ ማዶ ያልቅ ነበር። የሞተው ሰው ብዛት በተለያዩ ግምቶች ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል።

እናቴ ልጅ ሆና ከደሴ በሚወጣው የአዲስ አበባ መንገድ ዳር ያየችውን ትናገራለች። ሰዎቹ አይለምኑም ነበር ትላለች፤ ገበሬ መለመን አያውቅበትም፤ መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና በዓይናቸው ብቻ ይከተሉት ነበር። አንዱ ሽማግሌ የቀንበሩን ማነቆ ከእጃቸው አላወረዱም፤ በሬ ሳይኖራቸው።

የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ሲያሳዩ መንግሥት ነገሩን ለመሸፈን ሞከረ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። ደርግ ለራሱ ዓላማ እንደተጠቀመበት አውቃለሁ። ቢሆንም ሥዕሉ ሐሰት አልነበረም።

የቢቸና ሰው

አንብቤ ብዙ አሰብኩ። ጭሰኛው ዙፋኑን አልጣለም ያልኩትን አልተውም፤ ነገር ግን ጥያቄውን ማን ጣለው ከማለት ማን አልደገፈውም ወደሚለው ብለውጠው መልሱ እንደሚሰፋ አይቻለሁ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣውን ታላቁን የሙስሊሞች ሰልፍ ደግሞ ማንም ስላላነሳ እኔ ላንሳው፤ በዓላቸው በአገራቸው በዓል ሆኖ እንዲከበርና በዜግነት እኩል እንዲታዩ ነበር የጠየቁት። አድልዎው በመሬት ብቻ እንዳልነበረ ይህ ይመሰክራል።

የጪላሎ ልጅ

ሁላችሁንም ሳነብ ቆይቼ ነበር፤ የጭሰኛ ዘር ስለሆንኩ ከቤታችን የማውቀውን ልጻፍ።

አያቴ በአሰላ አካባቢ የእኩል አራሽ ነበሩ። አዝመራው ተወቅቶ አውድማው ላይ ሲከመር የባለርስቱ ወኪል በበቅሎ ይመጣል። መጀመሪያ አስራቱ ይነሣል፤ ከዚያ የቀረው ለሁለት ይከፈላል፤ የባለርስቱን ድርሻ ወደ ጎተራው የሚያጓጉዙት በራሳቸው አህያ አያቴ ናቸው። ወኪሉ ሲመጣ ማር ወይም ሙክት ይዞ መቀበል ግዴታ ነበር። አስራት በ1960 ዓ.ም. በዐዋጅ ቀርቷል ይባላል፤ በእኛ ሰፈር ግን ዐዋጁን ያነበበው ባለርስቱ ስለነበረ መክፈሉ አልቀረም።

በዚያው ዓመት ግድም በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጪላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። የተሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ ዓላማውም ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር። ስንዴው ትርፍ ሲያመጣ ግን ባለርስቶቹ ጭሰኛ ከመያዝ ትራክተር ማረስ እንደሚሻላቸው አዩ፤ ትራክተሩ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። የአያቴ ታላቅ ወንድም ሃያ ዓመት ካረሱት መሬት በአንድ የበልግ ወቅት ተነሡ። ትራክተሩ የጎጇቸውን ዙሪያ እስከ ደጁ አርሶት ነበር ይላሉ፤ ከብቶቹ የሚወጡበት መንገድ እንኳ አልቀረም። የቢቸናው ሰው «ከሃምሳ ዓመት በፊት ይጥለው ነበር» ላሉት መልስ ከፈለጉ፣ በእኛ በኩል መልሱ ይህ ይመስለኛል፦ ቀድሞ ጭሰኛው እኩሌታውን ያጣ ነበር፣ በዚያ ዘመን ግን ጭሰኝነቱንም አጣ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ማንም ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ፣ ጭሰኝነትም እንዲቀር ታወጀ። አያቴ ዐዋጁን በጎረቤት ሬዲዮ ሰምተዋል፤ የገበሬ ማኅበሩም መጥቶ መሬቱ የእርስዎ ነው ብሏቸዋል። በመጀመሪያው መኸር ግን ስንዴውን ወቅተው ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ለሁለት ከፈሉት። እኩሌታውን ወደ ቤት አስገቡ፤ ሌላውን እኩሌታ በአውድማው ላይ በገለባ ከድነው ተዉት። አባቴ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርና ሌሊት ሌሊት አብሯቸው ይጠብቅ ነበር። «ማንን ነው የምንጠብቀው?» ብሎ ቢጠይቃቸው አልመለሱለትም። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ከቆዩ በኋላ አንድ ጠዋት ተነሥተው ገለባውን ገፈፉት፤ አህያውን ጭነው የቀረውን ስንዴ ወደ ገዛ ጎተራቸው አጋዙት፤ ጎተራው ስላልበቃቸውም ትርፉን በቤቱ ወለል ላይ አፈሰሱት።